አበልጅ በለኝ

ቅዳሜ የካቲት 11 ቀን 1992 ዓ.ም.፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከእህቴ ከትርንጎ ጋር አምባ ጊዮርጊስ የሰፈራችንን ማርያም ተሳልመን ወደ ቅጥሩ ገባን። ብርዱ ጣት ይቆርጥ ነበር። ለሠርጌ አንድ ሳምንት ቀርቶታል። የማገባው ባምላክን ነው። ያን ጠዋት ስገባ የባምላክ እጮኛ ነበርኩ፤ ፀሐይ ሞቅ ስትል ስወጣ ግን እስከ ዕለተ ሞቴ ላገባው የማልችል ሴት ሆኜ ወጣሁ።

ይህን የምጽፈው ስለ እንኳየሁ ብዬ ነው። አፈር ካለበስናት ገና ወር አልሞላትም። ለቅሶው ላይ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች፣ «የጓደኛዋን እጮኛ የቀማችው አይደለችም እንዴ?» ሲባባሉ ሰማሁ። ጓደኛዪቱ እኔ መሆኔን አላወቁም። ዞር ብዬ ልመልስላቸው ስል እንባዬ ቀደመኝ። ያን ቀን ያልመለስኩትን ዛሬ እመልሳለሁ።

እኔና እንኳየሁ የአንድ ጎጥ ልጆች ነን። እናቷ በሕፃንነቷ ስለ ሞተች ያሳደገቻት አክስቷ ናት። ከፍ ስንል አብረን ጎንደር ገባን፤ አራዳ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየን። እኔ ወይዘሮ ሪሃና ሱቅ ልብስ እሰፋለሁ፤ እሷ ምግብ ቤት ትሠራለች። አልጋችን አንድ፣ ጋቢያችን አንድ ነበር። የፊት ጥርሶቿ ትንሽ ስለተደራረቡ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች። እኔ ደግሞ ያን ለማየት ብዬ አስቃት ነበር።

ባምላክ አናጢ ነው። የወይዘሮ ሪሃናን ሱቅ መደርደሪያ ሊሠራ መጣ። በሁለት ቀን ይጨረሳል የተባለው ሥራ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ሜትሩን ይዘረጋል፣ ይለካል፣ ቀና ብሎ ያየኛል፣ የለካውን ይረሳና እንደገና ይለካል።

«የዚህችን ልጅ» አሉት አንድ ቀን ወይዘሮ ሪሃና፣ «ቁመቷን ከፈለግህ እኔ ልንገርህ። እንጨቴን አትጨርስብኝ።»

አንገቱ ድረስ ቀላ። እኔም የምሰፋውን ቀሚስ እጅጌ በአንገቱ በኩል ገጠምኩት።

ሊያገባኝ ሲጠይቅ አባቴ እሺ አላለም። ክንዱ ይባላል፤ መሬት ያለው፣ ከብት ያለው ገበሬ ነው። «የሰው ቤት እየሠራ የራሱ ቤት የሌለው ሰው ልጄን የት ሊያስቀምጣት ነው?» አለ። ባምላክ ይህን ሲሰማ ለሰሊጡ ሥራ መተማ ወረደ። «ቤት ሠርቼ እመጣለሁ፤ ጠብቂኝ» ብሎኝ ሄደ። ጠበቅሁት።

በየካቲት 1991 እናቴ ሞተችና አምባ ጊዮርጊስ ሄጄ እስከ አርባዋ ተቀመጥኩ። ባምላክ ከመተማ የተመለሰው ያኔ ነው። አራዳ እቤታችን መጥቶ በር ሲያንኳኳ የከፈተችለት እንኳየሁ ናት።

«የትነበርሽስ?» ብሎ በስሜ ጠየቃት።

«አባቷ ዳሯት» አለችው።

ለምን እንዲህ እንዳለች ከብዙ ጊዜ በኋላ ራሷ ነግራኛለች። እሷም ትወደው ኖሯል። ቃሉ መጀመሪያ ከአፏ የወጣው ለቀልድ ነበር አለችኝ። ፊቱ ሲጠቁር ስታይ ግን ቀልዱን መመለስ አቃታት። እሱ እዚያው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ፤ እሷም አጽናናችው።

የእናቴን አርባ አውጥቼ ጎንደር ስመለስ፣ ከስፌት መኪናዬ ፊት ለፊት ባምላክ መጥቶ ቆመ። ከስቶ ነበር። በደስታ ልነሣ ስል ዓይኑ አስቀመጠኝ።

«ባልሽ ደኅና ነው?» አለኝ።

«የምን ባል?»

«ያገባሽው ነዋ።»

«ባምላክ፣ እናቴ ሞታ ነው። ይሄ ጥቁር የሙሽራ ልብስ ይመስልሃል?»

እጁን ልኮ የሠራውን መደርደሪያ ያዘ። የሚወድቅ መስሎኝ ነበር። ወይዘሮ ሪሃና አንዴ እሱን አንዴ እኔን አዩና፣ «ውሃ ላምጣላችሁ» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ፤ ቶሎም አልተመለሱ። ባምላክ ግን መደርደሪያውን ለቀቀ። ዓይኑን ከዓይኔ ነቅሎ መሬት መሬት እያየ ወጣ። ቤት ስደርስ የእንኳየሁ ልብስ ከማንጠልጠያው ላይ አልነበረም። አልጋው ላይ የቀረው ጋቢው ብቻ ነው። እሱን ለእኔ ትታልኝ ሄዳለች።

እንኳየሁ ከባምላክ ማርገዟን የሰማሁት ከሰው ነው። ክረምቱን ሙሉ ባምላክን አላናገርኩትም። በኅዳር ሽማግሌ ላከ፤ መለስናቸው። ደግሞ ላከ። በሦስተኛው አባቴ ሽማግሌዎቹን ትቶ እኔን አየኝና፣ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለ። እሺ አልኩ። እወደው ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። «በደሉን ይቅር ብላዋለች» ተባለልኝ፤ ሰውም አመሰገነኝ። የእንኳየሁን ስም ግን በቤታችን የሚጠራ ጠፋ። እኔም አልጠራሁትም። ይቅርታዬ ለወንዱ ብቻ የደረሰ ይቅርታ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ሙሉ ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ ወደዚያች ቅዳሜ ልመለስ።

ቅዳሴ አልገባም። በክርስትና ቤቱ ደጃፍ አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ቆማለች። ፊቷን ሳላይ ከአቋቋሟ አወቅኋት። ሕፃኗ በኅዳር ጽዮን የተወለደች ናት፤ ሰማንያ ቀኗ የሞላው በዚያ ጠዋት ነው። ሳሏ ከሩቅ ይሰማል፤ እንደ ታመመች ጫጩት ሲር ሲር ትላለች።

መምሬ ወልደ ገብርኤል መስቀላቸውን ይዘው ወጡና፣ «ማን ናት የምታነሣት?» አሉ።

«ከማዶ አጥቢያ እመጣለሁ ያለችኝ ሴት ነበረች መምሬ» አለች የእንኳየሁ አክስት፤ በሩን በሩን ታያለች። «ዘገየችብኝ።»

«አትመጣም» አለችኝ ትርንጎ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ትናንት ሰው ላክሁባታ! እህቴን የካደች ሴት ልጅ ናት፤ ብታነሺ ከቤታችን ተቆራረጥሽ በላት አልኩት።» ደስ ብሏት ነው የምትነግረኝ። «እዚህ ካሉትም አንዲት አትነካት። ስለ አንቺ ብለን ነው እታለም።»

ስለ አንቺ ብለን ነው።

ዙሪያዬን አየሁ። የሰፈራችን ሴቶች በግንቡ ጥግ ተደርድረው ቆመዋል። ልጅ ሆኜ አፍንጫዬን የጠረጉልኝ፣ እናቴን አብረውኝ የቀበሩ ሴቶች ናቸው። ሁሉም የሚያዩት እኔን ነው። ስጦታ ሰጥቶ ምስጋና የሚጠብቅ ሰው እንደሚያይ ያዩኛል።

«ሴት የለችም?» አሉ መምሬ ድጋሚ።

አንዲት እማሆይ ከወደ ጥግ፣ «እኔ የመነኮስሁ ነኝ፤ ክርስትና ማንሣት አይገባኝም እንጂ…» ብለው አንገታቸውን ደፉ።

«እንግዲያ ትመለስ!» አለች አንዷ።

መምሬ ተቆጡ። «ማን ናት የምትመለሰው? እናቲቱ በደለች እንበል፤ እኔም እበድላለሁ፣ አንቺም ትበድያለሽ። ይቺስ ምን አደረገች? ሲሯን አትሰሙም? ሳትጠመቅ ብትሞት ለማን ልትነግሩ ነው?»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። የትርንጎን ክንድ ያዝኩ። «አንሻት።»

«እኔ? ሞቼ!» ብላ ክንዷን ነጠቀችኝና ወደ ኋላ ሸሸች።

ሰው ያን ቀን እንኳየሁን ይቅር ብዬ የተራመድኩ ይመስለዋል። ቂሙ ገና አልወጣልኝም ነበር። ልቤ ውስጥ የነበረው እፍረት ነው። የእኔን ኀዘን ድንጋይ አድርገው በአንዲት ሕፃን በር ላይ እንዳስቀመጡት አየሁ፤ ድንጋዩን ማንሣት የምችለውም እኔ ብቻ ነኝ።

ስጠጋ እንኳየሁ ቀና አለች። ፊቷ አንድ ጭብጥ አክሏል።

«አይሆንም» አለች። «አንቺ አይሆንም የትነበርሽ። አፈር ስሆንልሽ ተመለሺ። ሠርግሽስ?»

መምሬ በመሃላችን ገቡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ የዚህችን ልጅ አባት ታውቂዋለሽ» አሉኝ።

«አውቀዋለሁ።»

«ካነሣሻት ለእናቷም ለአባቷም አበልጅ ትሆኛለሽ። አበልጅ ማለት ወንድምና እህት ማለት ነው፤ አይጋባም። ይህን እኔ አልፈታልሽም። ጳጳስም አይፈታልሽም።»

«አውቃለሁ መምሬ።»

«ቆይ፣ አስቢበት።»

ሕፃኗ ሳለች። ሳሏ ጨርሶ አልወጣም፤ መሃል ላይ ቆመና ከንፈሯ ወየበ። ከዚያ ትንፋሿ ተመለሰላት።

«ስጪኝ» አልኳት እንኳየሁን።

ከእቅፏ አውጥታ ሰጠችኝ። ከጨርቅ ጥቅል አትከብድም ነበር።

ሥርዓቱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሕፃን አፍ የለውምና በእሱ ፈንታ ሰይጣንን የሚክደው ያነሣው ሰው ነው፤ ሲክድም ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞራል። አውራ ጣቷን ያዝኩና ወደ ምዕራብ ዞርኩ።

የቅጥሩ በር ያለው በምዕራብ በኩል ነው። በሩ ላይ ባምላክ ቆሟል።

ልጁን ከሩቅ ሊያይ የመጣ ነው፤ እኛን ፈርቶ ወደ ውስጥ አልገባም። ዓይን ለዓይን ተያየን። መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ የማንን ልጅ እንዳቀፍኩ አላወቀም። ቀጥሎ ከኋላዬ እንኳየሁን አየ። ያ ፈገግታ ከፊቱ ሲወርድ አየሁት፤ ቀስ ብሎ፣ ፀሐይ ከግድግዳ ላይ እንደምትወርድ።

«እክሕደከ ሰይጣን» አሉ መምሬ።

«እክሕደከ ሰይጣን» አልኩ ከእሳቸው ተቀብዬ። የምክደው ሰይጣንን ነው፤ ዓይኔ ያለው ግን ከምወደው ሰው ላይ ነው።

ባምላክ አንድ እግሩን ወደ ውስጥ አስገባ፣ እጁንም አነሣ። «ተይ!» ቢለኝ ምን አደርግ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። አላለም። ልጁን አየ፣ እኔን አየ፣ ያነሣውን እጅ ወደ ራሱ ወሰደና ኮፍያውን አወለቀ።

«አሁን ወደ ምሥራቅ ዙሪ» አሉኝ መምሬ።

ጀርባዬን ሰጠሁት። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደ ነገር አዙሬ አላውቅም፤ የዞረው ግን ገላዬ ብቻ ነበር።

ወለተ ጽዮን ተባለች። ማተቧን ካሠርንላት፣ ከቆረበችም በኋላ ታቅፌያት ስወጣ ባምላክ ከጽድ ዛፉ ሥር ይጠብቀኛል።

«ምነው?» አለኝ። «ምነው የትነበርሽ? ይቅር ያልሽኝ መስሎኝ ነበር።»

«ይቅር ብዬሃለሁ።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? እንዲህ ያለ ቅጣት አለ?»

«ቅጣት ይሄን ይመስላል?» ብዬ ነጠላውን ከሕፃኗ ፊት ገለጥኩለት። እስከዚያች ሰዓት በቅርብ አይቷት አያውቅም። ጎንበስ አለ። የእሱ ቅንድብ ነበራት፣ መሃሉ የተሰበረው።

«ለእሷ ስትራሪ ለእኔ ጨከንሽ» አለ፤ ድምፁ ግን ቁጣ አልነበረበትም።

«ለራሴም ጨክኛለሁ» አልኩት። «አንድ ሰው እንኳ ቢራመድ አልራመድም ነበር። አንተም በር ላይ ነበርህ።»

ጉንጩ እርጥብ ነበር።

«ቤቱን እኮ ሠርቼ ጨርሻለሁ» አለ በመጨረሻ። «መስኮቱን በምሥራቅ አደረግሁት። ጠዋት መስፋት ትወጃለሽ ብዬ።»

ሕፃኗን ባልታቀፍ ኖሮ አንገቱ ላይ እወድቅ ነበር። እሷ ያዘችኝ።

«ብርሃን ለሕፃን ጥሩ ነው» አልኩት።

ከቅዳሴ የወጣው ሰው በአጠገባችን ያልፍ ጀመር።

«እንግዲህ ማን ብዬ ልጥራሽ?»

«አበልጅ በለኝ።»

«አልችልም።»

«በለኝ ባምላክ። አንዴ ካልከው ይቀላል።»

ከዚያ በጣም በዝግታ፣ ሕፃን እንደሚቀሰቅስ ሰው፣ «አበልጅ» አለኝ።

አልቀለለም።

ሕፃኗን እንደታቀፍኩ ወደ ቤት ጉዞ ጀመርኩ። እንኳየሁና አክስቷ ከኋላ ርቀው ይከተላሉ። አልጠራኋትም፤ ልጇን ግን አልመለስኩላትም። ትርንጎ ቀድማን ሮጣ ነበርና ግቢ ስደርስ ጩኸቷን አገኘሁት።

«አባ፣ ጉዳችን ፈላ! ጠላው ተጠምቆ፣ ዘመድ ተጠርቶ፣ ይቺ የዚያችን ልጅ አነሣችላት!»

አባቴ ፀሐይ ሊሞቅ ደጅ ተቀምጧል። ተነሥቶ ወደ እኔ መጣና የታቀፍኳትን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«ተጠመቀች?» አለኝ።

«ተጠመቀች አባ።»

«እንግዲህ ጠላውም ተጠምቋል፣ ልጅቱም ተጠምቃለች» አለ። «ታዲያ ምን ጎደለን? ሂጂ ትርንጎ፣ እናቲቱን ግቢ በያት። ገና አራስ ናት፤ ከአጥር ሥር በብርድ አታቁሙብኝ።»

«እኔ?»

«አንቺ። በትናንቱ አፍሽ።»

ትርንጎ እያጉረመረመች ወደ አጥሩ ሄደች። «ነይ እባክሽ፤ አባቴ ጠርቶሻል» ስትል ሰማሁ፤ ቀጥላም ትንሽ ለስለስ ብላ፣ «ልጅቷ እርቧታል መሰለኝ፣ ነይ።»

እንኳየሁ ከበሩ ደፍ አላለፈችም። እዚያው ቁጭ ብላ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከአራዳው ክፍል ወዲህ እንዲያ ጎን ለጎን ተቀምጠን አናውቅም።

«ምነው አንዴ እንኳ ብትመቺኝ» አለች።

«በየትኛው እጄ? ልጅሽን ይዤ።»

ሳታስበው ሳቋ አመለጣት። የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ስትወስድ አየሁና እኔም ሳቅሁ፤ ወዲያው ሁለታችንም ማልቀስ ጀመርን፤ ሕፃኗም ተቀላቀለችን። አባቴ ከውስጥ፣ «ምነው ልጆች፣ ለቅሶ ነው ክርስትና?» አለ።

«ይቅር በይኝ» አለችኝ እንኳየሁ።

«ዛሬ አላውቅም። ነገ ነይና ጠይቂኝ።»

በማግሥቱ መጣች። በሳምንቱም መጣች። አልጠየቀችኝም፤ ዝም ብላ ትመጣለች፤ ምስር ትለቅማለች፣ ልጇን እኔ ጭን ላይ ታስቀምጣለች፣ ትሄዳለች። ይቅር ያልኳት በየትኛው ቀን እንደሆነ አላውቀውም። አንድ ቀን ግን ሳትመጣ ስትቀር በር በሩን ሳይ ራሴን አገኘሁት።

ለሠርጉ የተጠመቀው ጠላ ለክርስትናው ተጠጣ። የተጠራው ዘመድ ሁሉ መጣ። ሲመጣ እያማ፣ ሲመለስ እየመረቀ ነው። የሕፃኗም ሳል ከፋሲካ በፊት ለቀቃት። ባምላክና እንኳየሁ ከፋሲካው በኋላ ተጋቡ። መጀመሪያ ለልጁ ሲል ነው የወሰዳት፤ ይህን እሷም ታውቃለች። እየዋለ እያደረ ግን ወደዳት። ይህንንም አወቀች። ከታመመች በኋላ ወደ ሐኪም ቤት በጀርባው ሲያዝላት አይቻለሁ። ስትሞት እጇ በእሱ እጅ ውስጥ ነበር፤ ሌላው እጇ በእኔ።

እኔ በጥር 1996 ዓ.ም. አስማረ የሚባል የማክሰኝት እህል ነጋዴ አገባሁ። ሸጋ ሰው ነው። የሠርጌን ድንኳን የተከለው ባምላክ ነው።